የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሊኑክስ ከርነል አልነበብ ሲል፦ የቮልቴጅ አቅርቦት ችግርና መፍትሄ

ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት የሆነው ፕሮግራም) በስልክ ላይ እንዲሠራ ሲዘጋጅ፣ የሚሞሪ ካርድ የቮልቴጅ ስህተት በራሱ ስም አይወጣም። በከርነሉ መዝገብ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ «−110» የሚል የጊዜ ማለፍ ስህተት ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ጥፋቱን በካርዱ ላይ ጥሎ ካርድ ሲቀያይር ይውላል። ከዚያ በፊት ስህተቱ መቼ እንደሚመጣ ማስተዋል ይገባል።

በጣም አሳሳቹ ምልክት ይህ ነው፦ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲበራ ካርዱ ይነበባል፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን አይገኝም። ካርዱ ከስልኩ ጋር መነጋገር የሚጀምረው በ3.3 ቮልት ሲሆን፣ ለከፍተኛ ፍጥነት ወደ 1.8 ቮልት ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ዋናው ኃይል ካልተቋረጠበት በቀር ወደ 3.3 አይመለስም። ዋናውን ኃይል የሚሰጠው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚመጥነው ክፍል) በዲቫይስ ትሪው (የስልኩን ሃርድዌር ለከርነሉ በሚገልጸው ፋይል) ውስጥ «ሬጉሌተር-ኦልዌይስ-ኦን» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከርነሉ ኃይሉን ሊያቋርጠው ስለማይችል ካርዱ በ1.8 ላይ እንዳለ ይቀራል። ይህን መስመር ያውጡትና ሬጉሌተሩን ከካርዱ መቆጣጠሪያ ጋር በ«ቪኤምኤምሲ-ሰፕላይ» ያገናኙት።

ካርዱ እየሠራ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ25 ሜጋባይት አላልፍ ካለ፣ «ቪኪውኤምኤምሲ-ሰፕላይ» የተባለውን የመልእክት መስመር ይመልከቱ። ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ልክ 2950000 ማይክሮቮልት (2.95 ቮልት) ከሆነ ወደ 1.8 የሚወርድበት መንገድ የለውም። በስናፕድራገን 410 ስልኮች የተለመደው አሠራር ዋናውን ኃይል የሚሰጠውን ሬጉሌተር፣ ማለትም ኤል11ን፣ በ2950000 ማጽናትና የመልእክት መስመሩን ሬጉሌተር ኤል12ን ከ1800000 እስከ 2950000 ክፍት መተው ነው። ዜሮዎቹን ይቁጠሩ፤ አንዲት ዜሮ ብትጎድል ልኩ አሥር እጥፍ ይወርዳል።

ማከማቻው ሠርቶ ሠርቶ ስልኩ ከተነሳ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ከጠፋ፣ ሬጉሌተሩ ከማንም ጋር አልተገናኘም ማለት ነው፤ ከርነሉ ባለቤት ያላገኘለትን ሬጉሌተር በ30 ሰከንድ ገደማ ያጠፋዋልና።

ቁጥሮቹን በግምት አይጻፉ። ለ1.8 ቮልት በተሠራ መስመር ላይ 2.95 ቮልት መልቀቅ ቺፑን እስከ መጨረሻው ሊያበላሸው ይችላል፤ ስለዚህ ልኩን ስልኩ ይዞት ከመጣው ከርነል ዲቫይስ ትሪ ይቅዱ። ካስተካከሉ በኋላ በከርነሉ ዲበግ (ስህተት መፈለጊያ) ማውጫ ውስጥ «ሬጉሌተር_ሰመሪ» የተባለውን ፋይል ከፍተው እያንዳንዱ መስመር ስንት ማይክሮቮልት ላይ እንዳለ ያንብቡ፤ ከዚያም ስልኩን ሳያጠፉ ሦስት ጊዜ ሪስታርት እያደረጉ ካርዱ በየጊዜው መታየቱን ያረጋግጡ።