በፈረስ ሥራ ወጣቶችን መኮትኮት፦ ለመካሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። እንዲህ ባለ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ትዕግሥትንና ኃላፊነትን ማንም ሳይሰብከው ከአባቱና ከአጎቱ ጋር ፈረስ እያጠጣ ይማራል። ከተማ ላደገ፣ ከትምህርት ለራቀ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ለተጣላ ወጣት ግን ይህ ዕድል ታስቦበት ሊዘጋጅለት ይገባል። ሁለት ሦስት ፈረሶች ያሉት ጎልማሳ ይህን ሥራ ሊጀምረው ይችላል፤ ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ፈረሱ እንጂ እርሱ አለመሆኑን መቀበል አለበት።

ፈረስ ሲመረጥ መልኩና ፍጥነቱ ከቁጥር አይገቡም። ዕድሜው የበሰለ፣ ሰው የለመደ፣ የተረጋጋ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ወይም የተኮላሸ ፈረስ ይሻላል፤ ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ፣ ለጀማሪ አይሰጥም። ኮርቻ የሚያርፍበትና መቀነት የሚጠብቅበት ቦታ ቁስል እንደሌለው በእጅ ጭምር መመርመር አለበት፤ የታመመ ጀርባ ያለው ፈረስ ሲነካ ይናከሳል ወይም ይራገጣል፣ ወጣቱም ከዚያ የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ማታ ለሥልጠና ይቅረብ ማለት ደግሞ ፈረሱንም ወጣቱንም መበደል ነው።

የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። የፈረስ ፋንድያ ባለበት አፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ተሕዋስ ስለሚገኝ የክትባቱ ጉዳይ ከጤና ጣቢያ ጋር ይጣራ። መካሪው ከአንድ ወጣት ጋር ብቻውን ከሰው ዓይን ተሰውሮ እንዳይሠራ ሁልጊዜ ሌላ ጎልማሳ በአካባቢው ይኑር። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልቢያ አይኖርም። ብዙ ወጣቶች በዚህ ቅር ይሰኛሉ፤ ቅሬታቸውን ሰምቶ በውሳኔው መጽናት ግን የመካሪው ድርሻ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በማየት ነው፦ ጆሮው ወዴት ዞረ፣ ጅራቱ ምን ያደርጋል፣ ከሌላው ፈረስ ጋር ሲገናኝ ማን ለማን ቦታ ለቀቀ? መካሪው መልሱን ከመስጠት ይልቅ «ምን አየህ?» እያለ ይጠይቅ። ጆሮውን ወደ ኋላ ያጠፈ ፈረስ እንደተቆጣ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚያላምጥ ደግሞ እንደተረጋጋ ወጣቱ ራሱ ሲደርስበት፣ ያ እውቀት ከአፍ ከተነገረው ይልቅ ይቆያል።

ቀጥሎ መቅረብ ይለመዳል። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን አብዛኛውን ያያል፤ ግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ ያለውንና ከጅራቱ ኋላ ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ ድምፅን አስቀድሞ፣ ሳይሮጡ መቅረብ ይገባል። በንዴት የሚመጣ ወጣት እዚህ ላይ ይፈተናል፤ ፈረሱ ራሱን ቀና አድርጎ ይሸሻል። መካሪው በዚህ ጊዜ ቢቆጣ ወይም «ተናድደሃል እኮ» ብሎ ስሜቱን ቢተረጉምለት ትምህርቱን ያበላሸዋል። ዝም ብሎ ይጠብቅ፤ ወጣቱ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሲሞክርና ፈረሱ ሲቆምለት፣ «አሁን ምን ለየው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሰኮና ማጽዳትም እንደዚሁ ነው። እጅ ከትከሻ ጀምሮ በእግሩ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጠበቃል። እግሩን በጉልበት የሚጎትት ፈረሱ ክብደቱን ሁሉ ይጥልበታል፤ የሚጠብቅ ግን እግሩ ይነሣለታል። ከአምስት ደቂቃ ምክር ይልቅ ይህ ሥራ ስለ ግዳጅና ስለ ትዕግሥት የሚናገረው ይበልጣል።

ለእያንዳንዱ ወጣት አንድ ፈረስና አንድ ደብተር ይሰጠው። ፈረስ በቀን ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 5 ኪሎ ገደማ ድርቆሽና ጭድ ማለት ነው። የሚጠጣው ውኃ እንደ ሙቀቱና እንደ ሥራው ይለያያል፤ በሞቃት ቀን ከአንድ ትልቅ ጀሪካን ሊበልጥ ይችላል። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል በድንገት የተሰጠው ብዙ ገብስ ለሞት የሚያደርስ የሆድ ቁርጠት ሊያስከትልበት ይችላል፤ ስለዚህ የመኖ ለውጥ ሁሉ ቀስ በቀስ ይሁንና በደብተሩ ይጻፍ። ወጣቱ ተራው ደርሶ ቢቀር ፈረሱ አይራብ፤ ሌላ ሰው ያብላው፣ ማን እንዳበላውም በደብተሩ ይስፈር። ከፈረሱ ማራቅን ቅጣት ማድረግ ግን ስሕተት ነው፤ ወጣቱ ከዚህ ሥራ በፊት ከብዙ ነገር ተባርሮ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

በገመድ መምራት ሲለመድ ገመዱ በእጅ ላይ መጠምጠም የለበትም፤ የደነበረ ፈረስ ጣት ይቆርጣል። መሬት ላይ እንጨቶች አጋድሞ በመካከላቸው ማሳለፍ ጥሩ ልምምድ ነው። የተጣሉ ሁለት ወጣቶች ካሉ አንዱን ፈረስ በሁለት ገመድ ግራና ቀኝ ይዘው እንዲያሳልፉት ማድረግ ይቻላል፤ ካልተስማሙ ፈረሱ መካከል ላይ ይቆማል። አለንጋ ወደዚህ ሜዳ አይግባ።

ግልቢያው ሲመጣ የራስ መከላከያና ከእርካብ የማያልፍ ተረከዝ ያለው ጫማ ግድ ነው፤ መጀመሪያ ፈረሱን ሌላ ሰው ይምራው። ጉግስ የሚያምር ቢሆንም ገና ኮርቻ ላይ መቀመጥ ለሚማር ልጅ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ መጠቀም ይቻላል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉ ሁሉ ወጣቱም የፈረስ ስም ሊወጣለት ይችላል፤ ስሙ ግን በግልቢያው ብርታት ሳይሆን ሌሎች ወጣቶች በጋጣው ውስጥ ባዩት ጠባዩ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ከባድ ጉዳት የደረሰበት፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ወይም ቤት ውስጥ የሚደበደብ ወጣት ሲያጋጥም መካሪው ሐኪም እንዳልሆነ ይወቅ፤ ወደ ባለሙያ ያገናኘው፣ ፈረሱንም ከእርዳታው ጎን ለጎን ያስቀጥልለት።

የፕሮግራሙ ማብቂያ ቀን ገና ከመጀመሪያው ይነገር፣ በድንገት የሚቋረጥ ወዳጅነት ወጣቱን ይጎዳዋልና። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነባሩ ወጣት አዲስ ለገባው ልጅ ፈረሱን ያስተዋውቅ፣ መካሪውም ራቅ ብሎ ይመልከት። በሥራው መቀጠል ለሚፈልግ የኮርቻና የልጓም ሥራ፣ የሰኮና እንክብካቤና የእንስሳት ጤና ረዳትነት አሉለት፤ በአቅራቢያው ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወይም ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ይዞት ሄዶ ማስተዋወቅ ደግሞ የመካሪው ተግባር ነው።