ግሷን ቁጠሩ፦ የቪዲዮ ጌም ሴቶችን በፌሚኒስት ሂስ መመርመር

ስለ ጌም ሴቶች የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ከልብስ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ልብስ በአንድ ፎቶ ስለሚታይ ለክርክር ይመቻል። ጌም ግን በእጅ የሚሠራ ነገር ነው፤ ጆይስቲኩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁልፍ ዝለል፣ ተኩስ፣ ክፈት የሚል ግስ አለው። ለሴቷ የትኛው ግስ እንደተሰጣት ሳያዩ ስለ ቀሚሷ መጻፍ ግማሹን ጌም ሳይጫወቱ መፍረድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጌም ብቻ ምረጡ፤ ቢያንስ ሦስት ክፍሉንም ቅዱ፦ የመጀመሪያውን ሰዓት፣ ከመካከል አንድ ሰዓት፣ የመጨረሻውን ሰዓት። መጀመሪያው ታሪኩ የማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ መጨረሻው ደግሞ ሽልማቱ ምን እንደሆነ። ለኮምፒውተር ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ፕሌይስቴሽን 4 ቅንብሩ ካልተነካ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ያስቀምጣል። ኔንቲንዶ ስዊች የሚያስቀረው 30 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ትዕይንቱ እንዳለቀ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። የጌሙን ቨርዥን ቁጥርም ጻፉ። በአፕዴት ልብስም ንግግርም ሊለወጥ ይችላል፤ አንባቢው እናንተ ያያችሁትን ሲያጣ ዋሽታችኋል ይላል።

ሠንጠረዡ

ወረቀት ወይም ኤክሴል ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ በተጫዋች እጅ መሆን አለመሆን፣ የሚያደርገው፣ የሚደረግበት፣ መጨረሻው። ስም ያለውን ገጸ ባሕርይ ሁሉ፣ ወንዶቹንም ጭምር አስገቡ። ብዙ ሂስ የሚወድቀው እዚህ ነው። የወንዶቹ መስመር ከሌለ «ሴቷ ተገደለች» የሚለው ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ በዚያ ጌም ሁሉም የሚሞት ሊሆን ይችላል።

በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብሮስን ውሰዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማሪዮ መስመር ሮጠ፣ ዘለለ፣ ረገጠ፣ እሳት ወረወረ ይሞላል። በልዕልቷ መስመር ተጠለፈች፣ ታሰረች፣ ተገኘች። ሰባት ቤተ መንግሥት አልፋችሁ በየመጨረሻው ልዕልቷ ሌላ ቤተ መንግሥት ናት ትባላላችሁ፤ በ8ኛው ትገኛለች። ጌሙ ውስጥ ሥራዋ አድራሻ መሆን ነው ማለት ይቻላል።

አማርኛ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ተደራጊው ግስ ብዙ ጊዜ በ«ተ» ስለሚጀምር የሠንጠረዡን ሚዛን ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። ሆኖም «ተ» ያለበትን ሁሉ አትቁጠሩ፤ ተዋጋች፣ ተናገረች፣ ተራመደች የራሷ ሥራዎች ናቸው።

ቁጥሩ ከሞላ በኋላ ግሱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በ2005 የወጣው ሱፐር ፕሪንሰስ ፒች ልዕልቷን ዋና ተጫዋች አድርጓታል፤ ተደራጊነቷ ቀርቷል። ልዩ ኃይሏ ግን ስሜቷ ነው፦ በደስታ ትበራለች፣ በሐዘን እንባዋን እንደ ውኃ ታፈሳለች፣ በንዴት ትቃጠላለች፣ በእርጋታ ትድናለች። ማሪዮ እሳት ለመወርወር አበባ ማግኘት ብቻ ይበቃው ነበር። ይህን የመሰለ ልዩነት ቆጠራ ብቻውን አያወጣውም።

ድርሻም ለብቻው ይታይ። በ1991ዱ ስትሪት ፋይተር 2 የቹን ሊ ቡጢና እርግጫ ከወንዶቹ አያንስም፤ ከሚመረጡት 8 ተፋላሚዎች ግን ሴት እሷ ብቻ ናት። ግሱ ደህና ነው፣ ቁጥሩ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስትጨፈልቁ ሂሱ ይበላሻል።

ካሜራና ሽልማት

የፊልም ሐያሲዋ ሎራ መልቪ በ1975 ስለ ሲኒማ ስትጽፍ ካሜራው ተመልካቹን በወንድ ዓይን ቦታ እንደሚያስቀምጠው አሳይታለች። ጌም ሁለት ካሜራ አለው፤ አንዱን አዘጋጁ ይዞታል፣ ሌላውን ተጫዋቹ ያዞረዋል። ተጫዋቹ ራሱ አዙሮ ያየውን በአዘጋጁ ላይ አታሳቡ። የታሪክ ትዕይንቶቹን ብቻ ለይታችሁ እያንዳንዷ ሴት መጀመሪያ ስትገባ ካሜራው ከየት እንደሚነሳ (ከፊት፣ ከእግር፣ ከደረት) እና ፊቷ ላይ ከመድረሱ በፊት ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ መዝግቡ። በእኩል ደረጃ ያለ ወንድ ሲገባስ? ልዩነቱ ማስረጃችሁ ነው። የ2009ኙ ባዮኔታ በዚህ ሚዛን ሲታይ ግሷ ሞልቶ የፈሰሰ ጀግና ናት፤ ካሜራው ግን ከሰውነቷ አይለቅም። ገጸ ባሕርይዋን የነደፈችው ማሪ ሺማዛኪ ሴት ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ እንጂ አንዱን ለማዳን ሌላውን አትሰርዙ።

ከዚያ የመጨረሻውን ሰዓት ቅጂ ክፈቱ። በ1986 የወጣው ሜትሮይድ ጀግናውን ሳሙስን ሙሉ ጥሩር አልብሶ ያጫውታል፤ የእንግሊዝኛው መመሪያም በወንድ ይጠራታል። ቶሎ የጨረሰ ሴት መሆኗን ያያል፤ ከ1 ሰዓት በታች የጨረሰ ደግሞ በዋና ልብስ ያያታል። ጀግናዋ ሴት መሆኗ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሰውነቷ የፍጥነት ሽልማት መሆኑም ያው እውነት ነው። (በአማርኛ ይህን ምሥጢር መደበቅ ከባድ በሆነ ነበር፤ «ሮጠ» ወይም «ሮጠች» ማለት ግድ ነው፣ እሳቸው ካልተባሉ በቀር።)

ለማን ተከፈተ?

እኛ አገር ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ሰው በብዛት የሚያየው ኳስ ነው፤ ስለዚህ ኳሱንም መርምሩ። ፊፋ 16 በ2015 ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ይዞ መጣ። ሜዳ ላይ ግሱ አንድ ነው፦ ማቀበል፣ መምታት፣ መንጠቅ። የዚያን ጌም ሜኑ ስትከፍቱ ግን በካሪየር ሞድ (ቡድን ወይም ተጫዋች ይዞ ለብዙ የውድድር ዘመን በሚቀጥለው የጨዋታ ዓይነት) የሉም። ሂሱ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፦ የትኛው ሞድ ተከፈተላቸው፣ የትኛው ተዘጋ? ለእያንዳንዱ ሞድ አዎ ወይም የለም እያላችሁ ሙሉ፤ ከ10 ደቂቃ አይፈጅም።

የአዘጋጆችንም ምክንያት ፈትሹ። በ2014 የጌም አዘጋጁ ድርጅት ዩቢሶፍት በአሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ ተጫዋቹ የሚመራት ሴት ገጸ ባሕርይ ያልገባችው እንቅስቃሴዋን መሥራት ብዙ ሥራ ስለሚጨምር ነው አለ። በተከታታዩ ላይ የሠራ የቀድሞ አኒሜተር የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው ሲል መለሰ። ከዚያ በላይ የሚናገረው ግን ከ2 ዓመት በፊት የወጣው የዚያው ተከታታይ ሊበሬሽን ዋና ጀግና አቬሊን የምትባል ሴት መሆኗ ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት ስታገኙ መልሱን ከድርጅቱ ከራሱ የቀደሙ ሥራዎች ፈልጉ።

ሲጻፍና ሲወጣ

እያንዳንዱ አስተያየት ሦስት ነገር ይያዝ፦ የትዕይንቱን ስም፣ ደቂቃውን፣ ያያችሁትን ግስ። «ጌሙ ሴቶችን ይንቃል» ሳይሆን «በምዕራፍ 3፣ 14ኛው ደቂቃ ላይ በሯ ከውጭ ተቆልፏል፤ ተጫዋቹ ቁልፍ አለው፣ እሷ የላትም» በሉ። አዘጋጁን ሳይሆን ሥራውን ውቀሱ፤ ሐሳቡን ከጌሙ ማወቅ አይቻልም። «ጠንካራ ሴት» የሚለውን ቃልም ተጠንቀቁት፤ ብዙ ጊዜ ትመታለች ማለት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የምትወስነው ነገር አለ ወይ?

ከማውጣታችሁ በፊት አካውንታችሁን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዝጉ፤ ስልክና የመኖሪያ ሰፈር ከፕሮፋይል አውጡ። ፌሚኒስት ሐያሲዋ አኒታ ሳርኪዝያን በ2012 ስለ ጌም ሴቶች ተከታታይ ቪዲዮ ለመሥራት ከሕዝብ 6,000 ዶላር ጠይቃ ከ158,000 በላይ አገኘች፤ ስድቡና ዛቻውም አብሮ መጣ። በ2014 በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የያዘችውን ንግግር የሰረዘችው የጅምላ ግድያ ዛቻ ደርሶ ሳለ የግዛቱ ሕግ ስለሚፈቅድ መሣሪያ ይዞ መግባት እንደማይከለከል ስለተነገራት ነው። ዛቻ ቢደርሳችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ቀኑና የላኪው ስም የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ፤ ከአንባቢ የሚመጣውን አስተያየት የሚያጣራላችሁ ሰውም ሌላ ይሁን፣ እናንተ አትሁኑ።