ሰርቨር ስትገዙ ከዲስኩ ጀምሩ

ሱሉልታ ውስጥ የአንድ ወተት መሰብሰቢያ ኮምፒውተሮችን የምይዘው እኔ ነኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው ወተቱን ይዞ ይሰለፋል። ሊትሩ ይለካል፣ ዳታቤዝ ላይ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። አንድ ቀን መሃል ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ ነበረን፤ ባትሪው ደክሞ 2 ደቂቃ እንኳ አልቆየም። መብራቱ ሲመለስ ደረሰኝ የተቆረጠላቸው 11 ሰዎች ዳታቤዙ ላይ የሉም። አንዲት እናት ደረሰኛቸውን ዘርግተው «ታዲያ ወተቴን ማን ጠጣው?» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳታቤዙን የያዘውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ስገዛ ብሩን ሁሉ ፕሮሰሰር ላይ አፍስሼ ርካሽ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ዲስክ) ነበር የገዛሁት። ዳታቤዝ አንድ ምዝገባ ሲጨርስ ዲስኩን «በትክክል ጻፍከው?» ይለዋል። አንዳንዱ ርካሽ ዲስክ ዳታው ገና ጊዜያዊ ሜሞሪው ላይ እያለ «አዎ» ይላል። መብራት ሲጠፋ ያ ሜሞሪ ባዶ ይሆናል። ለሰርቨር ከተሠሩት ኤስኤስዲዎች ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው ካፓሲተር አላቸው። መብራት ቢቋረጥ እሱ ባጠራቀመው ኃይል የተጀመረውን ጽፈው ይጨርሳሉ። ስትገዙ ሻጩን ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለዚህ ጠይቁት። ካላወቀ የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ሰነድ እዩ።

ያገለገለ ሀርድ ዲስክ ከሆነ ውሸታሙን መያዝ ቀላል ነው። ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ለዚሁ የሚሆን የራሱ መለኪያ ፕሮግራም አለው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው፤ አንዱን ምዝገባ ከሌላው ተከትሎ ሲጽፍም ከዚያ ብዙ ሊርቅ አይችልም። ባትሪ ያለው ኮንትሮለር (ዲስኩን የሚቆጣጠር ካርድ) ሳይኖር በሰከንድ 3,000 ጊዜ «ጻፍኩ» ካለ እየዋሸ ነው።

ሁለት ዲስክ ካላችሁ አንዱን የሌላው ግልባጭ አድርጉት፤ ሬይድ 1 ማለት ነው። አራት ካላችሁ ሬይድ 10፤ ዳታው በሁለት እንዲህ ባሉ ጥንዶች ላይ ይከፋፈላል። ሬይድ 5 ሙሉ ግልባጭ ከመያዝ ይልቅ የጠፋውን መልሶ ማስላት የሚያስችል መረጃ ብቻ በዲስኮቹ ላይ ስለሚበትን ቦታ ይቆጥባል ብለው ይመክሯችኋል፤ ለዳታቤዝ እኔ አልወደውም። አንዷን ትንሽ ጽሑፍ ለማስገባት ሁለት ማንበብ፣ ሁለት መጻፍ ይጠይቃል። ደግሞ ሬይድ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የጠፋ ሠንጠረዥ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል።

ራም ስህተቱን ራሱ የሚያርም፣ ኢሲሲ የሚባለው ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚነበበውን ዳታ ከያዘ በቂ ነው፤ የእኛ ዳታቤዝ 20 ጊጋባይት ስለማይሞላ 32 ጊጋ ተርፎናል። ስለ ፕሮሰሰር ብዙ አትጨነቁ።

ከፍታውን ግን አትርሱ። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ብርድ ነው ብላችሁ ሰርቨሩን ቁምሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፉት።

በመጨረሻ ሥራ ሳታስጀምሩ ፈትኑት። ከሌላ ላፕቶፕ ተራ ቁጥር እያስመዘገባችሁ፣ «ገብቷል» የተባለውን የመጨረሻ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ያዙ። ከዚያ የሰርቨሩን ገመድ ንቀሉ። ሲነሳ ያ ቁጥር ከሌለ ዲስኩን መልሱ። እኔ አዲሱን አሥር ጊዜ ነቀልኩት። ዘበኛችን በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «በራሱ የሚጠፋው አይበቃህም?» አለኝ።