ካዝናው ወጣ ማለት መሣሪያው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም

ወታደር እያለሁ ሥራዬ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር። አሁን ጅማ ጡረታ ላይ ነኝ። ሰው ቡና ጠጣ ብሎ ይጠራኛል፤ ቶናው ሳይቀዳ «እስቲ ይህን ብረት እይልኝ» ብሎ ክላሹን ያወጣል። «ባዶ ነው?» ስል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አዎ፣ ካዝናውን ነቅዬዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ካዝና መንቀል ባዶ ማድረግ አይደለም! አንዴ ከተቀባበለ አንዷ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጎርሳለች። 30 ጥይት የሚይዘውን ካዝና ብትነቅሉ 29ኙን ብቻ ነው የወሰዳችሁት። የቀረችው አንዷ ትበቃለች። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ ጣታችሁ ምላጩን አይንካ። መጀመሪያ ካዝናውን ንቀሉ። ከዚያ መቀባበያውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ የጎረሰችውን አስወጡ። በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት መቀባበያው ሲመለስ ሌላ ያጎርሳል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ገልብጬው ባረቀብኝ። ሰው አልተነካም፣ ቆርቆሮው ግን ተበሳ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስብኝ ከረመ።

ሌላው፣ መደበቅን እንደ መቆለፍ መቁጠር ነው። ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ቆጥ ላይ። አንድ ወዳጄ «ልጆቹ የት እንዳለ አያውቁም» እያለኝ ትንሿ ልጁ «አባባ፣ እኔ ላምጣልህ?» አለችኝ። የእሱን ፊት ማየት ነበር! ብየዳ ቤት የብረት ሳጥን አሠሩ፣ ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር። ቁልፉ ከእናንተ ጋር ይዋል ይደር፤ በር ጀርባ ምስማር ላይ አይንጠልጠል። ጥይቱ ለብቻው፣ በሌላ ቁልፍ።

ቤት ውስጥ ራሴን አጠፋለሁ ያለ፣ ወይም ልቡ በጣም የከፋው ሰው ካለ መሣሪያው በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ። ያ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ጥይት ግን ጊዜ አይሰጥም። ለጎረቤት አደራ አትስጡት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፣ ፈቃዱም በእናንተ ስም ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አማክሩ።

በቡና ለቀማ ወቅት ገንዘብ ቤት ያድራል፤ ያኔ አጉርሶ ትራስጌው አድርጎ የሚተኛ አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በጨለማ የባነነ ሰው ሌባውን ሽንት ቤት ከወጣው ልጁ አይለይም።

እንዳይዝግ ብላችሁ ምድጃ አጠገብ አትስቀሉት። የጅማ እርጥበት አስቸጋሪ ነው፣ አውቃለሁ፤ ዘይት ቀቡት።

ጦጣና ከርከሮ በቆሎውን ጨረሰው ብሎ ለእረኛ ልጅ ጠመንጃ የሚያስይዝም አይቻለሁ። ወንጭፍ ስጡት።