እንግዳ እስኪመጣ አትጠብቁ፦ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ለማየት ጊዜ ማግኛ

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ብሔራዊ ሙዚየምን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየው ጠይቁት። ብዙው "ተማሪ ሆኜ፣ ከትምህርት ቤት ወስደውን" ይላችኋል። ወይ ደግሞ የአክስቱ ልጅ ከአሜሪካ መጥታ እሷን ሲያዞር ነው። ቅርብ ያለ ነገር "የት ይሄዳል" ይባልና ሁልጊዜ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ዕድር አለ፣ የሳምንቱ ልብስ ተከምሮ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ እሄዳለሁ ያለ ሰው ሳይሄድ ዓመቱ ያልቅበታል።

እኔ የምመክረው ጉብኝቱን ድሮም ከምትወጡበት ጉዳይ ጋር ማያያዝ ነው። በወር ውስጥ የምትረግጧቸውን ሰፈሮች አስቡ። ፒያሳ ወርቅ ልታሠሩ ትሄዳላችሁ? በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ቅርብ ነው፣ ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለው። መስቀል አደባባይ አካባቢ ቀጠሮ ካላችሁ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አጠገባችሁ ነው፤ ከባድ ቦታ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ባትገቡ ይሻላል። ለንግሥ እንጦጦ ማርያም የምትወጡ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውረዱ። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አጠገቧም የድሮ ቤተ መንግሥታቸው አለ። ቤተ መንግሥት ሲባል በአእምሯችሁ የሚመጣውን እርሱት። የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፣ በነጭ የተለሰነ፣ ውስጡ ገብታችሁ ስትቆሙ ያን የሚያህል ግዛት ከዚህ ይመራ እንደነበር ማመን ይከብዳል።

ግማሽ ቀን ካገኛችሁ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ በእግር ሂዱ። ለእኔ ከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። መሃል ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ድንቅነሽ (ሉሲ) አለች። በኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለ ታሪክ፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አፅም በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ይህን ሰምቶ ቅር የሚለው ሰው አለ፣ ግን ቅጂውም አጠገቡ ሲቆሙ ልብ ይነካል። እሷን አይታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ስድስት ኪሎ ቀጥሉ። የየካቲት 12 ሐውልትን ዝም ብላችሁ በታክሲ ስታልፉት ኖራችኋል፤ አሁን ቅረቡና ዙሪያውን የተቀረጸውን እዩ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው እስካሁን ይታያል። ከመግባታችሁ በፊት ግን ውጭ ያለውን ደረጃ ተመልከቱ። እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ የትም አያደርስም። ጣሊያኖች ሠርተውት የሄዱት ነው፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት እንዲቆጥር። ጫፉ ላይ ታዲያ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ከነፃነት በኋላ ማፍረስ ሲቻል አንበሳውን አናቱ ላይ ማስቀመጥ፣ እንዴት ያለ መልስ ነው! ልጆች ካሏችሁ እዚያ አቁማችሁ ይህን ንገሯቸው።

በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ለማዳረስ አትሩጡ። ቀኑን ከሌላ ሰው ጋር ቁረጡ፣ ለብቻ የያዙት ቀጠሮ በቀላሉ ይሰረዛል። የመክፈቻ ሰዓቱን ቀድማችሁ ደውላችሁ አጣሩ። መታወቂያም ያዙ፣ ብዙ ቦታ ላይ የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ መግቢያ ዋጋ ስለሚለያይ። ክረምት ለሙዚየም ነው፣ ተራራና ገጠሩን ከመስከረም በኋላ፣ ጭቃው ሲደርቅ ድረሱበት።

ሙሉ ቀን ያገኛችሁ ዕለት የቡታጅራን መንገድ ያዙ። ቢሾፍቱ ጥሩ ነው፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ መብላትም ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም የሚሄደው እዚያ ነው። በቡታጅራ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ መልካ ቁንጥሬ አለ፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት፣ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። ቀጥሎ ከዋናው መንገድ ተገንጥላችሁ አዳዲ ማርያም ትገባላችሁ፣ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ነጠላ ያዙ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማም አድርጉ። መጨረሻው ጢያ ነው። ሜዳ ላይ የቆሙ 36 ድንጋዮች፣ ከሥራቸው መቃብር ያለ፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ የተቀረጸባቸው። የአካባቢው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል፣ ይሁንና ጥናቱ ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ መሆናቸውን ነው የሚያሳየው። አንድ ድንጋይ ምረጡና ፊቱ ላይ ያሉትን ጎራዴዎች ቁጠሩ። የጎራዴው ብዛት የተቀበረው ጀግና የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ያመለክታል የሚሉ አሉ።

ለዚህ ጉዞ የራስ መኪና የግድ አይደለም። አራት አምስት ሆናችሁ አንድ መኪና በቀን ኮንትራት ብትይዙ ወጪው ይከፋፈላል፤ ዋጋውንም፣ ነዳጁ በሾፌሩ ይሁን በእናንተ የሚለውንም ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ከዋዜማው በዚያ መስመር ለሚመላለስ ሾፌር ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ምሳ ቋጥሩ፣ ውኃ በብዛት ያዙ፣ ለአስጎብኚውም ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ መጀመሪያ እስከ ጢያ ድረስ ቀጥ ብላችሁ ሂዱና ሌሎቹን በመልስ ጉዞ እዩ፣ ሜዳው ላይ ጥላ ስለሌለ ፀሐዩ ሳይበረታ መድረሱ ይሻላል።