ሕመሙ ጠፋ ማለት መወርወር ይቻላል ማለት አይደለም

ጦር፣ ቤዝቦል ወይም የእጅ ኳስ የምትወረውሩ ሁሉ፣ ይቺን ያዙልኝ። ትከሻ ወይም ክርን ተጎድቶ ካረፋችሁ በኋላ፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ በሙሉ ኃይል አትወርውሩ። ሕመም ቶሎ ይሄዳል፤ ጅማት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው።

«በግማሽ ኃይል እወረውራለሁ» የሚለውንም ብዙ አትመኑት። ክንድ ተንኮለኛ ነው፤ ግማሽ ያላችሁት ፍጥነቱ ሲለካ ከግማሽ በልጦ ይገኛል። ስለዚህ ኃይላችሁን በስሜት ሳይሆን በርቀትና በቁጥር ገድቡት። በአጭር ርቀት፣ በጥቂት ውርወራ ጀምሩ፤ በመሃል አንድ ቀን እረፉ። ዋናው ፈተና በማግስቱ ጠዋት ነው። ክንዳችሁ ያለ ሕመም እንደ ወትሮው ከተዘረጋ ትንሽ ጨምሩ። ካመማችሁ ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመለሱ። ርቀትንና ቁጥርን ደግሞ በአንድ ቀን አብራችሁ አትጨምሩ።

በማትወረውሩበት ቀን የስፖርት ላስቲክ ያዙ። ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፉ፣ የተጠቀለለ ፎጣ በክርንና በጎናችሁ መሃል አድርጉ፣ ከዚያ እጃችሁን ወደ ውጭ ክፈቱ። ስትመልሱት ላስቲኩ አይንጠቃችሁ፤ ቀስ ነው። ጥቅሙ ያለው እዚያ መመለሱ ላይ ነው። ከውርወራ በኋላ ለክንድ ፍሬን የሚሆኑት እነዚህ የትከሻ ጀርባ ጡንቻዎች ናቸውና። እግርና ወገብንም አሠሩ፤ ጉልበቱ የሚነሳው ከታች ነው፣ እግር ሲሰንፍ ዕዳውን ትከሻ ይከፍላል።

ስትወረውሩ ክርናችሁ ውስጥ «ቋ» ያለ ነገር ከተሰማችሁ፣ ወይም ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ግን ላስቲኩን ተዉትና ሐኪም ጋር ሂዱ።