የስልክን ዳታ በብሉቱዝ ወደ ላፕቶፕ እንዴት እናስገባለን?

ባለፈው ግንቦት አንድ ማታ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መብራት ድርግም አለ። የአክስቴ ልጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን አርማ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለአማካሪዋ በኢሜል መላክ ነበረባት። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ስልኳ ግን 18 በመቶ ላይ ነው። ሆትስፖት ስትከፍት ስልኩ ጋለ፤ ዓይናችን እያየ ባትሪው 11 ገባ። «ጋሼ፣ ሳልልከው ሊዘጋብኝ ነው» አለችኝ። ሆትስፖቱን አስጠፋኋትና በብሉቱዝ አገናኘነው። ጽሑፉ ሄደ። ስልኩ ገና 8 በመቶ ነበረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን መንገድ ለስንት ሰው እንዳሳየሁ አልቆጥረውም። ብዙዎቻችን ብሉቱዝን የምናውቀው ለኢርፎንና ፎቶ ለመላላክ ነው። ኢንተርኔትም እንደሚያሳልፍ ስነግራቸው ይገረማሉ።

መቼ ይጠቅማል፣ መቼ አይጠቅምም?

መጀመሪያ ልክ ልኩን እንነጋገር። ብሉቱዝ ቀርፋፋ ነው። ለዚህ ሥራ የሚጠቀምበት መስመር በወረቀት ላይ እስከ 3 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል። በተግባር 2 ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ስልኬ ብሉቱዝ 5 ነው ብላችሁም ብዙ ተስፋ አታድርጉ፤ ኢንተርኔት የሚያልፈው በዚያው በድሮው ዓይነት መስመር ነው። 10 ሜጋባይት ፋይል ለመላክ አንድ ደቂቃ ገደማ ያዙለት። 500 ሜጋባይት ፊልም ለማውረድ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ትቀመጣላችሁ። እሱን ለዋይፋይ ሆትስፖት ተዉት።

ኢሜል፣ ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ መላላክ፣ ፎርም መሙላት፣ የምርመራ ወይም የፈተና ውጤት ማየት፣ ጽሑፍ ማንበብ? ለነዚህ ይበቃል። በምላሹ የስልኩ ባትሪ ይቆጠባል፤ ብሉቱዝ ከዋይፋይ ሆትስፖት ያነሰ ኃይል ነው የሚፈልገው። መብራት መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት ማታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የዩኤስቢ ኬብልስ? ኬብል ፈጣን ነው፤ ስልኩንም ከላፕቶፑ ቻርጅ ያደርገዋል። ኬብል ካላችሁና ስልኩን አጠገባችሁ ማስቀመጥ ከቻላችሁ እሱን ምረጡ። ችግሩ ኔትወርክ የሚገባው መስኮት ጋ ብቻ የሆነ ቤት ነው። የኔ ቤት እንደዚያ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ስልኩ አንዲት መስመር ይዞ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱ ደፍ ላይ ሳስቀምጠው ሦስትና አራት መስመር ይሞላል። በብሉቱዝ ሲሆን ስልኩ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እሠራለሁ። ርቀቱ ያለ ግድግዳ እስከ 10 ሜትር ድረስ ይሄዳል። መሃል ላይ ግድግዳ ካለ ግን ይቀንሳል።

ዶርም ለሚኖር ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሆትስፖት ከከፈታችሁ ስሙ ለሁሉም ይታያል። አንዱ ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ ለሌላው ይነግራል፣ ማታ የገዛችሁት ፓኬጅ ጠዋት የለም። በብሉቱዝ ግን እናንተ ራሳችሁ ካጣመራችሁት ላፕቶፕ ውጪ ማንም አይገባም።

አሠራሩ

የምጽፈው አንድሮይድ ስልክና ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላላቸው ነው። እዚህ ከተማ የማየው አብዛኛው ሰው እነሱን ነው የሚይዘው።

1. ስልኩን አዘጋጁ። ዳታ ክፈቱ፣ ፓኬጅ እንዳለ አረጋግጡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብሉቱዝ አብሩ። የብሉቱዙን ገጽ አትዝጉት። ገጹ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ነው ስልኩ ለላፕቶፑ የሚታየው። እዚያው ገጽ ላይ የስልካችሁን ስም እዩ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስልክ ከያዘ ስሙን ቀይሩት፤ አለበለዚያ የማን እንደሆነ ሳታውቁ የጎረቤት ስልክ ላይ ጥያቄ ትልካላችሁ።

2. አጣምሩ። ላፕቶፑ ላይ ሴቲንግስ ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ «ዲቫይስስ»፣ ዊንዶውስ 11 ከሆነ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ግቡ። ብሉቱዙን አብሩና አዲስ ዲቫይስ ጨምር የሚለውን ተጫኑ። ስልካችሁ ሲመጣ ምረጡት። ሁለቱም ስክሪን ላይ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይወጣል። አንድ ዓይነት መሆኑን አይታችሁ ሁለቱም ጋ እሺ በሉ። ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ ያልጠየቃችሁት ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ከመጣ ግን አትቀበሉ።

3. ስልኩ ኢንተርኔት እንዲያካፍል ፍቀዱ። ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ነው። ስልኩ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» ግቡ። ሳምሰንግ ላይ «ኮኔክሽንስ» ውስጥ ነው። እዚያ «ብሉቱዝ ቴዘሪንግ» የሚል አለ፤ አብሩት። ስልካችሁን በአማርኛ የምትጠቀሙ ከሆነ «እንደ ሞደም» የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ። ካላገኛችሁት ሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «ቴዘሪንግ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ (tethering) ጻፉ።

4. ላፕቶፑን ወደ ኢንተርኔቱ አስገቡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማጣመርና መገናኘት ይለያያሉ። ስልኩ «ፔርድ» (ተጣምሯል) ስላለ ኢንተርኔት መጣ ማለት አይደለም። ሁለቱ ተዋወቁ ማለት ብቻ ነው። አሁን ላፕቶፑ «በአንተ በኩል ልውጣ» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ከታች ቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ የብሉቱዝ ምልክት አለ። ካልታየ ትንሿን ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት ተጫኑ። ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ጆይን ኤ ፐርሰናል ኤሪያ ኔትወርክ» በሉ። የመሣሪያዎች ዝርዝር ይከፈታል። ስልካችሁን አንዴ ንኩት። ከላይ «ኮኔክት ዩዚንግ» የሚል ይመጣል፤ እሱን ከፍታችሁ «አክሰስ ፖይንት» ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ይቀላል። የብሉቱዝ ገጹ ላይ ከስልካችሁ ስም ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ፣ ያንኑ «ጆይን ፐርሰናል ኤሪያ ኔትወርክ» የሚለውን ታገኛላችሁ።

ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ብሮውዘር ከፍታችሁ አንድ ቀላል ገጽ ሞክሩ።

ዳታችሁን ከላፕቶፑ ጠብቁ

ላፕቶፕ ኢንተርኔት ሲያገኝ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዊንዶውስ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል፣ ዋንድራይቭ (ፋይሎቻችሁን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ፋይል ወደ ኢንተርኔት መላክ ይጀምራል። መስመሩ ቀጭን ስለሆነ የናንተ ኢሜል ከኋላ ተሰልፎ ይቀራል። ስለዚህ ከመገናኘታችሁ በፊት ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብታችሁ ለ1 ሳምንት አስቁሙት። ዋንድራይቭንም ለ2፣ ለ8 ወይም ለ24 ሰዓት ማቆም ይቻላል። ብሮውዘር ላይ 20 ታብ ከፍቶ መተውም ያው ነው፤ የማትፈልጉትን ዝጉ። የአክስቴ ልጅ ላይ ያን ማታ ኢሜሉ አልሄድ ብሎ ያስጨነቀን ይሄው ነበር። ዋንድራይቭን ስናስቆመው ወዲያው ተላከ።

እምቢ ሲል

«ብሉቱዝ ቴዘሪንግ» ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ስልኩ ላይ «ዳታ ሴቨር» በርቶ ይሆናል። እሱ ሲበራ ማካፈል ይዘጋል። አጥፉትና እንደገና ሞክሩ።

«አክሰስ ፖይንት» የሚለው ካልመጣ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ቴዘሪንግ መብራቱን እዩ። በርቶም ካልመጣ ማጣመሩን ከሁለቱም ወገን ሰርዙ። ከላፕቶፑ ብቻ መሰረዝ አይበቃም። ቴዘሪንጉን አብርታችሁ እንደ አዲስ አጣምሩ። እኔ ያየሁት ችግር አብዛኛው በዚህ ይፈታል።

ተገናኝቶ ገጽ አልከፍት ካለ ላፕቶፑን ከመነካካታችሁ በፊት ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት እንዳለው ፈትሹ። ፓኬጁ አልቆ ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲደወልላችሁም ዳታው ሊቆም ይችላል፤ ንግግራችሁን ስትጨርሱ ይመለሳል።

ላፕቶፑ ላይ ብሉቱዝ የሚባል ነገር ጭራሽ ካልታየ፣ በተለይ ዊንዶውስ በቅርቡ ተጭኖለት ከሆነ፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከብሉቱዝ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ጎድሎ ይሆናል። በብዙ ላፕቶፖች ብሉቱዝና ዋይፋይ አንድ ካርድ ላይ ስለሆኑ ሁለቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ስልኩን በኬብል ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩና ድራይቨሩን በዚያ አውርዱ።

ሥራችሁን ስትጨርሱ ቴዘሪንጉን አጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ማጣመር አያስፈልግም። ብሉቱዝና ዳታ አብርታችሁ ከሦስተኛው ደረጃ ትጀምራላችሁ፤ ከለመዳችሁት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።